ባጃጅ እየነዱ የክርስትና ፍቅር እንዴት ነው የሚኖረው? (ጎንደር ያላችሁ ምከሩኝ)

ባለባጃጁ_ማራኪ፦
ሰላም ያገሬ ልጆች እንዴት ናችሁ። አንድ ሃሳብ ከያዘኝ ቆየ እስቲ እዚህ ልጣለው ብዬ ነው። ጎንደር ባጃጅ ነው ምሰራው፣ ብዙ ጊዜ ከአውቶቢስ ተራ ሆስፒታል፣ ከፒያሳ ማራኪ፣ ሲቀናኝ አዘዞ እወርዳለሁ። ባጃጇ የኔ አይደለችም፣ በቀን ገቢ ነው የያዝኳት፣ ማታ ለባለቤቱ ምትገባው ብር ቁርጥ ናት ዝናብ ዘነበ ነዳጅ ጠፋ አይልም። ኋላዋ ላይ ደሞ «እግዚአብሔር ፍቅር ነው» የሚል በትልቁ ተለጥፏል፣ ባለቤቱ ነው ያስለጠፈው ግን ቀን ሙሉ ይዤው ምዞረው እኔ ነኝ ሃሃሃ።

በቀደም አውቶቢስ ተራ አንድ አባት ከበለሳ ልጃቸውን አዝለው ወረዱ፣ የልጅቷ እግር አብጧል፣ አንድ እግሯ ጫማ አለው አንዱ በነጠላ ተጠቅልሏል። ስንት ነው አሉኝና ነገርኳቸው፣ ከዛ ብሩን ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውት ኖሮ ልጅቷን ሳያወርዱ ቋጠሮውን በጥርሳቸው መፍታት ጀመሩ። አላስቻለኝም፣ ይተዉት አባቴ ብዬ በነፃ አደረስኳቸው። ተራ ያሉት ልጆች ቀኑን ሙሉ «ቀይ መስቀል መጣ» እያሉ ሳቁብኝ፣ መሳቃቸውስ ይሁን፣ ግን እንደዚህ አይነት ሰው እኮ በየቀኑ ነው ሚመጣው። ሁሉንም ብጭን ገቢው ከየት ይመጣል? ሰንበት ት/ቤት ማቴዎስ 25 «ተርቤ አብልታችሁኛልና ታምሜ ጠይቃችሁኛልና» ሲነበብ ነው ያደግነው፣ ገደብ ሚል ነገር የለበትም። በየቀኑ የምትኖሩት እንዴት ነው ምታደርጉት? ገደቡ የት ጋ ነው?

ዘልደታ፦
ወንድምዓለም ለአባትየው ያደረከው ጥሩ ነው እግዚአብሔር ይቀበልህ። ግን ነፃውን ለጊዜው ተወውና ሉቃስ 3ን አንብበው። ሕዝቡ መጥምቁ ዮሐንስን ምን እናድርግ ሲሉት ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል አላቸው፣ ይሄን ሁሉም ይጠቅሰዋል። ቀጥሎ ቀራጮች መጡ፣ እነሱን ግን ስራችሁን ተዉ አላላቸውም፣ ከታዘዘላችሁ በላይ አትውሰዱ ነው ያላቸው፣ ወታደሮቹንም ሰው አትበድሉ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አለ። ባጃጅ ነጂዎች ቢሰለፉ ምን የሚላቸው ይመስልሃል? ታሪፍ ነዋ! ጥምቀት ደርሶ እንግዳ ሲበዛ ከፒያሳ ፋሲለደስ መዋኛ ድረስ ስንት እንደምትጠሩ ከተማው ያውቀዋል፣ ዝናብ ሲጥልም እንደዛው፣ ሰውየው ከገጠር መሆኑ በጫማው ሲታወቅም እንደዛው። አንዱን በነፃ ጭኖ የሱን ዋጋ ከሚቀጥለው ሰው ላይ ማስመለስ ካለ ምጽዋት አይባልም፣ እንግዳውን ሳታስፈቅደው አስመጸወትከው ማለት ነው። በየቀኑ የሚኖር ፍቅር ካልክ እኔ ከዚህ ነበር ምጀምረው።

ባለባጃጁ_ማራኪ፦
ይሄ ገብቶኛል ግን ታሪፉ ሲወጣ ነዳጅ በስንት ነበር? አሁንስ ማደያ ስንት ሰዓት ቆመን ነው ምንቀዳው? ታሪፍ አውጪዎቹ ጋም አንዳንዴ ሉቃስ 3 ይነበብ በልልኝ።

የበዓታ_ጎረቤት፦
ልጄ እኔ ስለ ታሪፍ አላውቅም፣ በምጽዋቱ ግን አርጅቼበታለሁና ልንገርህ። ቤታችን በዓታ ቤተክርስቲያን አጠገብ ነው፣ አቋቋም (የቤተክርስቲያኑን ዝማሬና ሽብሸባ) ሊማር ከየሀገሩ የሚመጣ የቆሎ ተማሪ በሰፈራችን ሞልቷል፣ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ በር ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ብዙ ሰው ቁራሹን ያዘጋጃል ውሻውን ግን አያስረውም፣ ልጁ በአንድ እጁ ዱላ ይዞ እየተከላከለ ባንዱ ይቀበላል፣ ይሄ መስጠት ነው? እኛ ቤት መጀመሪያ ውሻው ይታሰራል። ሁለተኛ እናቴ ነፍሷን ይማርና «ራስሽ የማትበይውን በማርያም ስም አትስጪ» ትለን ነበር፣ ስለዚህ የሻገተ ለተማሪ አይወጣም፣ ለከብት ነው። ሶስተኛ ስሙንና ሀገሩን እጠይቀዋለሁ። ከጋይንት የመጣ አንድ ትንሽዬ ነበር፣ ስሙን ይዤ ስጠራው ቁራሹን ረስቶ እኔን ያየኝ ነበር፣ ለካ ከቤቱ ከወጣ ወዲህ በስሙ የጠራው ከየኔታና ከጓደኞቹ ሌላ የለም።

ገደቡን ላልከው፣ መሶቤ ስንት እንደሚያወጣ አውቃለሁ፣ ከዛ በላይ ልስጥ ብል ልጆቼ ጾማቸውን ያድራሉ። ሲያልቅ ግን እወጣና ልጄ ዛሬ አልቋል እግዜር ይስጥልኝ እለዋለሁ። ውስጥ ሆኜ የሌለሁ መስዬ ድምፄን አላጠፋም። አንተም መጫን ባትችል ዛሬ አልቻልኩም አባቴ በላቸውና በየት በኩል በእግር እንደሚቀርብ አሳያቸው፣ ከንፈር እየመጠጡ ፊትን ማዞር ነው ክፉው።

ወዳጄ_ዝምበል፦
እኔ ትንሽ ልቃወም። ለማያውቁት ገበሬ ማዘን ቀላሉ ነው ባይ ነኝ፣ ነገ አታየውም፣ ይመርቅሃል ትሄዳለህ። ጎረቤትህ የእጣቢ ውሃ በርህ ላይ ሲደፋብህ እንደምን አደሩ ማለት ነው ላብ የሚያስወጣው። በ12 የሚካኤል ጽዋ ማህበር አለን፣ በአጥር ጉዳይ ከተኳረፉ አመታት ያለፋቸው ሁለት ሰዎች አሉበት፣ በየወሩ መጥተው ጸበል ጸዲቁን ይቀምሳሉ፣ ጠላውን ከአንድ ጋን ይጠጣሉ፣ ሲወጡ ግን አንዱ በላይ አንዱ በታች በኩል ነው ሚሄዱት እንዳይገናኙ። ሁለቱም ለነዳያን ሲሰጡ እጃቸው አይታጠፍም እኮ! ማቴዎስ 5 ደግሞ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ነው ሚለው፣ እና ሽማግሌ ተልኮባቸው «በፋሲካ እንታረቃለን» አሉ፣ የትኛው ፋሲካ እንደሆነ አልተናገሩም።

አዲስዓለም_ልጅ፦
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ አዲስ ዓለም ነው ያደኩት። የክርስቲያን ፍቅር ስትሉ ትዝ ምትለኝ የጎረቤታችን ሰርግ ናት። ልጇን ስትድር ለኛ ለብቻችን በግ ገዛች፣ አራጅ ከኛ ወገን ጠራች፣ ድስትና ጭልፋውን ሳይቀር ከኛው ቤት አስመጥታ ለብቻው አሰራችው፣ እናቴ እኮ ሄዳ አልጠየቀቻትም። ጠይቀን ቢሆን ኖሮ የምንሳቀቀውን አስባ ቀድማ ጨረሰችው። ሰው አፉን አውጥቶ ሳይለምን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው፣ አንተም ያቺን የጋቢ ቋጠሮ ያየሃት በዚህ አይን ነው መሰለኝ።

ሲስተር_ጎ፦
እኔ ነርስ ነኝ፣ አንተ ምታደርሳቸው ሰዎች እኔ ጋ ነው ሚመጡት፣ ስለዚህ ካንተ የምፈልገውን ልንገርህ፣ ነፃ ጉዞ አይደለም። የጎንደር ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም ሲከፈትም አንዱ ምክንያት ደምቢያን የፈጀው ወባ ነበር፣ ከዛን ጊዜ ጀምሮ ገጠሩ ሲጨንቀው የሚመጣው ጎንደር ነው፣ ሰው ይበዛል። ከጨለማ ተነስቶ የመጣ ገበሬ በር ላይ ሲደርስ ካርድ ክፍል የት እንደሆነ፣ ላብራቶሪ የት እንደሆነ አያውቅም፣ የተጻፈውን ካላነበበ ደግሞ ሰልፍ ያየበት ሁሉ ይሰለፋል፣ ግማሽ ቀን ቆሞ የኛ አይደለም ይባላል።

አንተ ገና አውቶቢስ ተራ ላይ ሳሉ ሁለት ነገር ጠይቃቸው፣ የጤና መድህን ደብተር ይዘዋል? ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎላቸዋል? ብዙዎቹ ደብተሩን ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበት ነው ሚመጡት፣ ወይ ደግሞ ጤና ጣቢያውን ዘለው ቀጥታ ይመጣሉ፣ ሪፈር ከሌለ መድህኑ ላይሸፍንላቸው ይችላልና ያቺን የቋጠሯትን ብር የመጀመሪያው ቀን ይጨርሷታል። ቀድመው ካወቁ ለቤተሰብ ደውለው ደብተሩን በማግስቱ መኪና ሊያስልኩ ይችላሉ። ስልካቸው ላይ ካርድ ከሌለ ያንተን አውሳቸው። በር ስታደርሳቸው ደሞ ዝም ብለህ አትዙር፣ እዛው ላለ ሰው ካርድ ክፍል አሳያቸው በል፣ አንድ ደቂቃ ነው። ልብህ ሌላም ካለ ደም ባንክ ሂድ፣ ጤነኛ ከሆንክ በ3 ወር አንዴ መስጠት ትችላለህ፣ ለወላድ ደም ስናጣ እኛ ምንሆነውን ብታይ ተራ ያሉትን ሳቂዎችም ጭነህ ትመጣ ነበር።

ባለባጃጁ_ማራኪ፦
እማማ፣ ሲስተር፣ አዲስ ዓለም፣ ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። የሪፈሩን ነገር በጭራሽ አላውቅም ነበር፣ ስንቱን አድርሻለሁ ማንም አልነገረኝም። ለተራው ልጆችም እነግራቸዋለሁ፣ ሳቂ ናቸው እንጂ ክፉ አይደሉም። ሲስተር ደብተሩ ኖሮት ያላሳደሰ ከሆነስ ምን ልበለው?

ሲስተር_ጎ፦
መዋጮው በየአመቱ ነው ሚታደሰው፣ ካለፈበት እዛው ላይ ምንም ማድረግ አይቻልም፣ የሚከፍለው ከሌለው ሶሻል ወርክ ክፍል ይጠይቅ በለው። ገጠር ዘመድ ካለህ ግን አዝመራው ገብቶ ብሩ እጃቸው ላይ ሳለ አሁኑኑ አሳድሱ በላቸው፣ ክረምት ሲሆን የማዳበሪያ ዕዳ አለ ማንም አይሰማህም።