የደንበኛዬን ኢሜሎች ወደ ሌላ ሰርቨር ላዞር ነው፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገን፣ አንድ አስመጪ ድርጅት 14 የኢሜል አካውንቶቹን ካለበት ሲፓነል ሆስቲንግ ወደ ሌላ ካምፓኒ ሰርቨር አዙርልን ብሎኝ እሺ ብዬ ገባሁበት። ያሰብኩት የኤምኤክሱን (የድርጅቱ ሜል የትኛው ሰርቨር እንደሚገባ የሚናገረውን መዝገብ) ቲቲኤል፣ ማለትም ሌሎች ሰርቨሮች መዝገቡን ይዘው የሚቆዩበትን ጊዜ፣ ከ14400 ወደ 300 ሰከንድ አውርጄ አንድ ቀን ልጠብቅና አርብ ማታ በአይማፕሲንክ (ሜል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር በሚገለብጠው ፕሮግራም) ሁሉንም ኮፒ አድርጌ ኤምኤክሱን ልቀይር፣ ሰኞ ጠዋት ደግሞ በመሃል አሮጌው ላይ የወደቀ ካለ እንዲለቀም ድጋሚ ሲንክ ላደርግ ነው። ሁለቱ አካውንቶች ላይ ኮፒውን ሞክሬው ሰርቷል።

የጨነቀኝ የሒሳብ ሠራተኛዋ ነገር ነው። አውትሉኳን ስከፍተው ለካ በፖፕ (ሜሉን ወደ ኮምፒውተሩ አውርዶ ብዙ ጊዜ ከሰርቨሩ በሚያጠፋው አሠራር) ነው የሚሠራው፣ ሰርቨሩ ላይ ያለው 11 ሜል ብቻ፣ የ6 ዓመት ኢንቮይስ በሙሉ እዛች አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ አንድ ፒኤስቲ ፋይል (አውትሉክ ሜሎችን የሚያከማችበት) ውስጥ! ባክአፕ የሚባል ነገር የለም። ፋይሉን ለጊዜው ፍላሽ ላይ ገልብጬዋለሁ፣ ግን አዲሱን አካውንት በአይማፕ (ሜሉ ሰርቨሩ ላይ በሚቀመጥበት አሠራር) ከፍቼ ፎልደሮቹን እየጎተትኩ ብጥላቸው ሜሎቹ የመጡበት ቀን ይበላሻል ወይስ እንዳለ ይሄዳል?

ሌላው፣ ዌብሳይቱ አሮጌው ሆስት ላይ ስለሚቀር ከኮንታክት ፎርሙ የሚላከው ሜል እዛው ሎካል እንዳይቀር ሲፓነሉ ላይ ኢሜል ራውቲንጉን ሪሞት ማድረግ (ሜሉን እዛው ከማስቀረት ወደ ውጭ ሰርቨር እንዲልክ) ብቻ ይበቃል? ኤስፒኤፉ (በድርጅቱ ስም ሜል መላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር) ላይስ ሁለቱንም ሰርቨር ላስገባ? የሠራው ሰው ካለ አርብ ሳይደርስ ይንገረኝ በናታችሁ፣ ሴትየዋ በቀን ሦስቴ እየደወለች ነው።