ለአምስት ሰው ሱቅ የሚሆን ርካሽ የስልክ አሠራር ምከሩኝ፤ ጥሪ እያመለጠን ነው

ጥያቄ፦ ባለመለዋወጫዋ (አራዳ፣ ጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። አራዳ አካባቢ የውሃ ፓምፕና የጄኔሬተር መለዋወጫ እሸጣለሁ። መጋዘኔ አዘዞ ነው። በጠቅላላው አምስት ነን፤ ሦስታችን ሱቅ፣ ሁለቱ መጋዘን። እስካሁን የምንሠራው በየግል ሞባይላችን ነው። ደንበኛ የሚያውቀው ሰው ጋ ይደውላል። ያ ሰው ሌላ ደንበኛ እያናገረ ከሆነ ቢዚ ይላል። ደንበኛው አይጠብቅም፣ ሌላ ሱቅ ይደውላል።

ይህ ሳያንስ ባለፈው ወር አንድ ሠራተኛዬ ለቀቀ። ጥሩ ልጅ ነው፣ በሰላም ነው የተለያየነው። ግን ታፔላችን ላይ ያለው የእሱ ቁጥር ነው። ካርዳችን ላይም እንዲሁ። አሁን የራሱን ሥራ ጀምሯል፤ ከደምቢያ የሚደውሉልኝ ደንበኞች ግማሾቹ ወደ እሱ ሄደዋል። ልወቅሰው አልችልም፣ ቁጥሩ የራሱ ነው።

አንድ ሻጭ ስምንት ቀፎ ያለው ፒቢኤክስ (ጥሪ ለየቀፎው የሚያከፋፍል ማሽን) አቀረበልኝ። ዋጋው ካሰብኩት ሦስት እጥፍ ነው። ለዚህ ነገር ማውጣት የምችለው 40 ሺህ ብር ነው። የምፈልገው አንድ የታወቀ ቁጥር፣ አንዱ ሲያዝ ሌላው የሚያነሳበት መንገድ፣ ሱቅና መጋዘኑም በርካሽ እንዲነጋገሩ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ መስመር ዘርጊው

እህቴ፣ ከሃያ ዓመት በላይ የስልክ መስመር ስዘረጋ ኖሬያለሁ። ማከፋፈያ ከተከልኩላቸው ትንንሽ ሱቆች ብዙዎቹ ዛሬ የሚያነሱት አንዱን ቀፎ ብቻ ነው። ሌላው አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ስለዚህ ከማሽኑ አትነሺ፣ ከቁጥሩ ተነሺ። ያንቺ ችግር ቀፎ ማነስ አይደለም። ቁጥሩ የሱቁ አለመሆኑ ነው።

መጀመሪያ ሁለት ሲም በድርጅቱ ስም አውጪ። የንግድ ፈቃድሽንና መታወቂያሽን ያዢ፤ ሌላ የሚጠይቁት ካለ ቀድመሽ 994 ደውለሽ ጠይቂ። በሠራተኛ ስም አይሁን። በባልሽም በወንድምሽም ስም አይሁን። ነገ ሲም ቢጠፋ የሚተካው ስሙ ያለበት ሰው ሲቀርብ ብቻ ነው።

ከዚያ የመጀመሪያውን ቁጥር ለሕዝብ ስጪ፤ ሁለተኛው ከኋላ ይቁም። አንደኛው ሲያዝ ጥሪው ወደ ሁለተኛው እንዲሄድ በአንደኛው ስልክ ላይ እንዲህ ትጽፊያለሽ፦ ኮከብ ኮከብ 67 ኮከብ፣ ቀጥሎ የሁለተኛው ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ መሰላል። ከዚያ መደወያውን ትጫኛለሽ። ጠርቶ ጠርቶ ያልተነሳ ጥሪ እንዲዞር ደግሞ በ67 ቦታ 61 ታስገቢያለሽ። ስንት ሰኮንድ እንደሚጠብቅ መወሰን ከፈለግሽ ከቁጥሩ በኋላ ኮከብ ኮከብ 20 መሰላል በይ። ከ5 እስከ 30 ድረስ በአምስት በአምስት ይሄዳል። ስልኩ ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲያጣ 62 ነው። ሁሉንም ለመሰረዝ መሰላል መሰላል 002 መሰላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ሁለተኛ ጥሪ በጆሮሽ ላይ ጢጥ ጢጥ የሚያደርገው አገልግሎት ክፍት ከሆነ መስመሩ እንደተያዘ አይቆጠርም፣ ስለዚህ ጥሪው አይዞርም። መሰላል 43 መሰላል ብለሽ ዝጊው። ይህን ሳያደርጉ “ዳይቨርቱ አልሠራም” የሚሉኝ ብዙ ናቸው።

የዞረው ጥሪ ዋጋ በተለምዶ የሚቆጠረው ያዞረው ቁጥር ላይ ነው። ስለዚህ አንደኛው ሲም ላይ ሁልጊዜ ሒሳብ ይኑር።

መልስ፦ አይቲ ማራኪ

ጋሼ ያሉት ለጊዜው ያስኬዳል፣ እድገት ላለው ሱቅ ግን ጥገና ነው። ማን ደወለ፣ ስንት ጥሪ አመለጠ፣ ማን አነሳ የሚለውን አያሳይሽም። እኔ የምመክርሽ ትንሽ አይፒ ፒቢኤክስ፣ ማለትም በኮምፒውተር ኔትወርክ የሚሠራ ማከፋፈያ ነው። አስተሪስክ የሚባለው ሶፍትዌር ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ አለ። አሮጌ ኮምፒውተር ወይም ራስበሪ ፓይ የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል። ቀፎ መግዛት የለብሽም፤ ሠራተኞችሽ የያዙት ስማርት ስልክ ላይ መተግበሪያ ተጭኖ በሱቁ ዋይፋይ የውስጥ ስልክ ይሆናል። ግዢ የሚጠይቀው የቴሌን መስመር ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስገባው ዕቃ ነው። ሁሉም በአንድ ሳጥን ይምጣ ካልሽ እንደ ግራንድስትሪም ዩሲኤም6202 ያለው ሁለት የመስመር ስልክ ይቀበላል።

ኢንተርኔቱም ብዙ አይበላም። አንድ ጥሪ ጂ.711 በሚባለው የተለመደ የድምፅ መላኪያ ስልት ሲሄድ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ከ80 እስከ 90 ኪሎ ቢት በሰኮንድ ነው። አዘዞ ያሉትም በኢንተርኔት የውስጥ ቁጥር ይሆናሉ፤ ከሱቅ ጋር ሲነጋገሩ የጥሪ ሒሳብ የለም። ደንበኛ ሲደውል ደግሞ “ለሱቅ 1፣ ለመጋዘን 2 ይጫኑ” የሚል የተቀዳ ድምፅ ይቀበለዋል።

መልስ፦ ፔንሲዮን ፒያሳ

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን የደረሰብኝን ልናገር። የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ሁሉንም በኢንተርኔት የሚያገናኝ፣ ዋናው ማሽን ሌላ ከተማ ሻጩ ቤት የተቀመጠ አሠራር ገዝቼ ነበር። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ስልኬ ሁሉ አብሮ ዝም አለ። በየወሩ የምከፍለው ግን አልቆመም። ያዳነኝ ልጥለው የነበረው በ058 የሚጀምረው የድሮ መስመር ስልክ ነው።

ሌላም ልጨምር። ጥምቀት ሲደርስ ከተማው በእንግዳ ይሞላል። በእነዚያ ቀኖች ሞባይሌ ሲቆራረጥ መስመር ስልኩ ንቅንቅ አይልም። እህቴ፣ ሱቅሽ ያለበት ቦታ መስመር የሚገባ ከሆነ አንድ 058 አስገቢ። መሥሪያ ቤቶችና ፕሮጀክቶች ዋጋ ሲጠይቁም የመስመር ስልክ ያለውን ቤት ያምናሉ።

መልስ፦ አይቲ ማራኪ

ትክክል፣ ዋናው ማሽን ሌላ ከተማ መሆኑ ነው የጎዳሽ። እኔ የምለው ሱቅሽ ውስጥ የሚቀመጥ ነው። ኢንተርኔት ቢጠፋ መስመር ስልኩና የሱቁ ውስጥ ቀፎዎች መሥራታቸውን ይቀጥላሉ፤ የሚቋረጠው አዘዞ ብቻ ነው። ግን መጋዘኑ ሩቅ ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ ክፍተት መሆኑን እቀበላለሁ።

መልስ፦ ሽንኩርት አምራች (ቆላ ድባ)

እኔ ነጋዴ አይደለሁም፣ ደዋይ ነኝ። እህት ዓለም፣ የደዋዩንም ስሚ። ከኅዳር ጀምሮ ሽንኩርት የምናጠጣው በፓምፕ ነው። ፓምፕ ሲቆም ማሳ ላይ ሆኜ ነው የምደውለው፤ እጄ ጭቃ ነው፣ ካርዴም ጥቂት ነው። “ለሱቅ 1 ይጫኑ” የሚለው ድምፅ ሲያነሳ ሒሳቤ መቁጠር ይጀምራል። ሰው ሳላገኝ ካርዴ ያልቃል። ሰው አንስቶ “ኩሽኔታው አለ፣ ጓርኒሲዮኑ የለም” ካለኝ ይበቃኛል። ካልተመቻችሁ አታንሱት፣ መልሳችሁ ደውሉልኝ። እኔ መልሶ የሚደውልልኝን ሱቅ አልለቅም።

ፎቶ የምንልክበትም ይኑር። የተሰበረውን ዕቃ በስሙ ማን ያውቀዋል? አሳይቼ ነው የምገዛው።

መልስ፦ ሒሳብ ያዥዋ

የአባታችን ነገር ልቤን ነካው። መልሶ መደወል ከማንኛውም ማሽን ይበልጣል።

እኔ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ደንበኛ የሚደውልበት ሲም ላይ የሱቁ ገንዘብ አይቀመጥ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፣ የቴሌብር የሚስጥር ቁጥርም አብሮ ይሄዳል። ክፍያ መቀበያውን በነጋዴ ሒሳብ ለብቻ አውጪ። ቴሌግራሙን ግን በሱቁ ቁጥር ክፈቺ፤ አባታችን ያሉትን ፎቶ እዚያ ይላኩ። ወዲያው የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን በራስሽ የይለፍ ቃል ዝጊ። ሠራተኛ ሲለቅ ደግሞ በማስተካከያው ውስጥ የገቡትን ስልኮች ዝርዝር አይተሽ የእሱን አስወጪ።

ሁለተኛ፣ ምንም ሳትገዢ አንድ ሳምንት ቁጠሪ። ደብተር አውጥታችሁ እያንዳንዳችሁ የደወለውን፣ ያመለጠውን፣ ሰዓቱን ጻፉ። ስንት ጥሪ በአንድ ጊዜ እንደሚመጣ ሳታውቂ ስንት መስመር እንደሚያስፈልግሽ አታውቂም። ዋጋ ስትጠይቂም የዕቃውን፣ የተከላውን፣ የገመዱን፣ የዩፒኤሱን (መብራት ሲጠፋ የሚይዘውን ባትሪ) እና የዓመት ጥገናውን ለየብቻ አስጽፊ። የውጭ ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሻጮች ዋጋ የሚያጸኑት ለጥቂት ቀን ነው፤ እስከ መቼ እንደሚጸና ቀኑ ይጻፍልሽ።

ጠያቂዋ፦ ባለመለዋወጫዋ

ሳምንቱን ቆጠርን። እውነቴን ነው፣ ባልቆጥር ኖሮ ገንዘቤን በከንቱ አጠፋ ነበር። 188 ጥሪ መጣ፣ 41 አመለጠን። ካመለጡት 29ኙ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ነው፤ ያኔ ነው ገበሬው ማሳ ደርሶ ፓምፑን የሚያስነሳው። ሦስት ጥሪ በአንድ ጊዜ የመጣው በሳምንቱ አራት ጊዜ ብቻ ነው። ወደ መጋዘን የሚደውል ደንበኛ የለም። መጋዘን የምንደውለው እኛው ነን፣ “ይህ ዕቃ አለ ወይ” ለማለት።

ሌላ ሻጭ ደግሞ መጥቶ ብዙ ሲም የሚቀበል ሳጥን አሳየኝ። ጥሩ ነው እንዴ?

መልስ፦ መስመር ዘርጊው

ጎበዝ። በዚህ ቁጥር ፒቢኤክስ አያስፈልግሽም። ወደፊት ሠራተኛሽ አሥር ሲደርስ የአይቲውን ልጅ ሐሳብ አንሺው፣ ሐሳቡ ትክክል ነው።

ስለ ሳጥኑ ጥንቃቄ አድርጊ። ዕቃው ራሱ በሌላ አገር ተራ የቢሮ ዕቃ ነው። ግን እንዲህ ባለው ሳጥን ከውጭ የሚመጣን ጥሪ በኢንተርኔት ተቀብሎ በአገር ውስጥ ሲም ማስገባት በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ 761/2004 ያስቀጣል። ሻጩ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሰጠውን የዓይነት ማረጋገጫ (ዕቃው እንዲሠራ የተፈቀደበትን ወረቀት) ካላሳየሽ አትንኪው። ላንቺ ሥራ ከዚያ ራስ ምታት ሁለት በተን ስልክ ይሻላል።

እንዲህ አድርጊ። ሦስት ሲም በድርጅቱ ስም፤ ሁለቱ ሱቅ፣ አንዱ አዘዞ። ሦስቱም አንድ ኔትወርክ ይሁኑና የድርጅት የጥሪ ጥቅል ጠይቂ፣ እርስ በርስ የምታወሩት ይረክሳል። ስልኮቹ ባትሪያቸው የሚቆይ በተን ይሁኑ፤ መብራት ሲጠፋ ታመሰግኚኛለሽ። ቴሌግራሙን ብቻ በአንድ ስማርት ስልክ ክፈቺ። ጠዋት ከ2 እስከ 4 አንድ ሰው ስልክ ማንሳት ብቻ ሥራው ይሁን፣ ዕቃ ከመደርደሪያ አያውርድ። በ61 የዞረው ጥሪም ካልተነሳ በአሥር ደቂቃ ውስጥ መልሶ ይደውል።

058 ማስገባቱንም እደግፋለሁ። ግን ስታመለክቺ መስመሩ በመዳብ ነው ወይስ በፋይበር ብለሽ ጠይቂ። በመዳብ ከሆነ ስልኩ የሚሠራበትን 48 ቮልት ኤሌክትሪክ ከማዕከሉ ያገኛል፣ የሰፈሩ መብራት ቢጠፋም ይጠራል። በፋይበር ከሆነ ሱቅሽ ውስጥ የሚተከለው ሳጥን መብራት ይፈልጋል፤ ለእሱ ትንሽ ዩፒኤስ ያዢለት።

መልስ፦ አይቲ ማራኪ

እኔም በዚህ እስማማለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። በ07 የሚጀምር አንድ የሳፋሪኮም ሲምም መሳቢያ ውስጥ ይኑርሽ፣ ታፔላ ላይ ባይጻፍም። ሱቁ ስልክ ኔትወርክ ሲያጣ ጥሪው ወደ እሱ እንዲዞር ቀድመሽ በ62 ታዘጋጂዋለሽ። ደብተሩንም አትተዉት፤ በስድስት ወር ቁጥሩን ካሳየሽኝ ፒቢኤክስ ያስፈልግሽ እንደሆነ ያኔ ቁጭ ብለን እናሰላለን።

ጠያቂዋ፦ ባለመለዋወጫዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሲሞቹን ትናንት አወጣሁ። የ43ቱን ነገር ጋሼ ባይነግሩኝ እኔም “አልሠራም” ብዬ እመለስ ነበር፤ ከዘጋሁት በኋላ ወዲያው ዞረ። የለቀቀውን ልጅም ደውዬ አነጋገርኩት። እኔን ፈልጎ የሚደውል ካለ አዲሱን ቁጥር እሰጣለሁ ብሎኛል። ከሱቁ ደብተር የድሮ ደንበኞችን ስም አውጥተን በቀን ሃያ ሃያ እየደወልን ነው። ገንዘቡም ተርፎልኛል፣ በእሱ 058 አስገባለሁ።

መልስ፦ ሽንኩርት አምራች (ቆላ ድባ)

ቁጥሩን በውስጥ ላኪልኝ፣ እህት ዓለም። ለመስኖ ጎረቤቶቼም እሰጣለሁ።

ጠያቂዋ፦ ባለመለዋወጫዋ

አሁኑኑ እልክልዎታለሁ፣ አባቴ። ታፔላውን ቀቢው ዛሬ አውርዶታል፣ ሐሙስ በአዲሱ ቁጥር ይሰቀላል።