ጥቆማ ፈልጌ ነበር፦ የጃኬት ማጥበቂያ የሚቀይር አዲስ አበባ ውስጥ ማን አለ?

ሰላም ከገርጂ፦
ሰላም ቤተሰብ። ከጓደኞቼ ጋር ሰሜን ተራሮች ልንወጣ ነው። አንድ ሰልባጅ የዝናብ ጃኬት አለኝ፤ ጨርቁም ዚፑም ምንም አልሆነ። ጣጣው ማጥበቂያው ነው። የወገቡን ላስቲክ ስስበው ይጠብቃል፣ ትንሽ ስራመድ ደግሞ ይለቃል። ያቺ ጫን ሲሏት የምትከፈተው ፕላስቲክ አልይዝ ብላለች። ኮፍያውም ዓይኔ ላይ እየወደቀ አስቸግሮኛል። ፕላስቲኳን ለብቻ የሚሸጥ ወይም የሚቀይር ሰፊ የምታውቁ በናታችሁ ጠቁሙኝ። አዲስ ግዢ እንዳትሉኝ፣ ብር የለም።

የመርካቶ ልጅ፦
መርካቶ ነዋ! ቁልፍና ዚፕ፣ ክርና ላስቲክ የሚሸጡት ጋ ሂጂ። የተበላሸችውን ነቅለሽ አሳያቸው። በአፍ ካስረዳሽ የሱሪ ላስቲክ ጠቅልለው ነው የሚሰጡሽ። ካጣሽ ያረጀ ሰልባጅ ቦርሳ በርካሽ ግዢና ከሱ ላይ ንቀይ።

ቆሎ በሻይ፦
ሰፊ አትመኚ እህቴ። እኔ የኮፍያው ገመድ ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቶብኝ አውጡልኝ ብዬ ሰጠሁ። ቤቱን አልጠራም። ስመለስ ገመዱን ጭራሽ ጎትተው ጥለውታል። ቀዳዳውን ደግሞ በጥቁር ክር ደፍነውታል። ጃኬቱ ብርቱካናማ ነው! ምን ጉድ ነው ስለው ልጁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አሁን ወደ ውስጥ አይገባብህም።» ሂሳብም ተቀበለኝ።

እሙዬ፦
ኧረ በሳቅ ገደልከኝ 😂 የኔ ዚፕ ተቀይሮ ሲመጣ የሚከፈተው ከታች ወደ ላይ ነው።

ናቲ፦
እኔ ሱሪ አሳጥሩልኝ ብዬ ለታናሽ ወንድሜ የሚሆን ቁምጣ ተረከብኩ። እስቲ ሌላ የተበላሸበት?

የሾላው፦
ሁላችሁም ሾላ ገበያ ጀርባ ያሉትን ጋሼ ስለማታውቁ ነው። እጃቸው ወርቅ ነው። የእናቴን ቀሚስ ሰፍተውላት ሰርግ ቤቱ ሁሉ ሲጠይቃት ዋለ።

የመርካቶ ልጅ፦
ማጥበቂያ ይቀይራሉ ወይ ነው ጥያቄው።

የሾላው፦
ጃኬት ወስጄላቸው አላውቅም። ግን ጋሼ አያቅታቸውም። ባለፈው የኮቴን እጅጌ አንዱን አሳጥረውብኝ እንኳን ቅር አላለኝም።

ናቲ፦
በቃ ተፈታ። ቧሂት 4,430 ሜትር ላይ ነፋሱ ሲመጣ «ጋሼ ቀሚሱን እስኪጨርሱ ታገሰን» በይው።

ከደባርቅ፦
እኔ አስጎብኚ ነኝ፣ ልርዳሽ። መቀየር ላያስፈልግሽ ይችላል። ፕላስቲኳ ውስጥ ትንሽ ሞላ አለች። አፈር ሲገባባት ተጭና ትቀርና ላስቲኩን አትነክስም። ለብ ያለ የሳሙና ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊና ደጋግመሽ ጫን ልቀቅ አድርጊያት። ዘይት እንዳትቀቢ፣ አቧራ ይሰበስባል።

ታጥባም ከለቀቀች ላስቲኩን እዪ። ሲያረጅ ይቀጥናል፤ ለቀጠነ ላስቲክ አዲስ ፕላስቲክ ብትገዢም ይንሸራተታል። ለዚህ ሰፊ ጋ አትሂጂ። ከአሮጌው ጋር እኩል ውፍረት ያለው ክብ ላስቲክ ግዢ፣ ጫፉን ከአሮጌው ጫፍ ጋር በክር አያይዢው። አሮጌውን ስትስቢው አዲሱን አስከትሎ ይገባል። ክሩ ከተበጠሰብሽ መርፌ ቁልፍ ጫፉ ላይ ሰክተሽ በጣትሽ እየገፋሽ አሳልፊ። ሲያልቅ ጫፉን በክብሪት ለብለብ አድርገሽ ቋጥሪው፣ አለበለዚያ ተመልሶ ይገባል። ፕላስቲኳ ጨርቁ ውስጥ ከተሰፋች አትፍቺያት። ሌላ ፕላስቲክ ላስቲኩ ላይ ጨምሪ፣ እሷ ትይዘዋለች።

ኮፍያው ከኋላ ማጥበቂያ ካለው ከሱ ጀምሪ። ከዓይንሽ ላይ የሚያነሳልሽ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ የፊቱን ግራና ቀኝ። ራስሽን አዙሪ፤ ኮፍያው አብሮሽ ካልዞረ አልጠበቀም። ብዙ ሰው የፊቱን ብቻ ጨምቆ በቀዳዳ እያየ ይሄዳል፣ ገደል ባለበት መንገድ ደስ አይልም። የወገቡን ትርፍ ላስቲክ ወደ ውስጥ መልሺው፣ ቁጥቋጦ ይይዝብሻል። ጨነቅ ካምፕ 3,620 ሜትር ላይ ነው፣ ሌሊት ውርጭ አለ፤ ይሄን ቤትሽ ጨርሰሽ ነይ።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ለልጅ ከሆነ ግን የኮፍያውንና የአንገቱን ገመድ ጭራሽ አውጡት። እዚህ አሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን በ1996 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ መመሪያ አውጥቷል። ሸርተቴ ላይ ገመዳቸው ተይዞ ታንቀው የሞቱ ልጆች ነበሩ። የወገቡ ደግሞ የትምህርት ቤት አውቶቡስ በር ይይዘዋል።

ናቲ፦
ልጅ የሚል ሰው ነበር እንዴ?

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
የሚያነብ ወላጅ አይጠፋም ወንድሜ።

ቆሎ በሻይ፦
የኔን ደፈና የሚፈታ ሰው ግን አለ?

ሰላም ከገርጂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከደባርቅ በተለይ አንተን 🙏 የሾላው ጋሼ እሁድ ይከፍታሉ?

የሾላው፦
እሁድ አይኖሩም። ሰኞ ሂጂ፣ የኮት እጅጌ ያሳጠሩለት ልጅ ነው የላከኝ በያቸው።