ሞንዛ ላይ የት ብቀመጥ ይሻላል?

ሰላም ወገኖች፣ የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ሚላኖ ያለችው እህቴ የፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር ልታሳየኝ እዚያው ጣሊያን ወዳለችው ሞንዛ ጠርታኛለች፤ ቦታውን ግን «አንተው ምረጥ» ብላ ጣለችብኝ።

እኔ የማውቀው የእንጅባራን የጥር 23 የፈረስ ትርኢት ነው፤ ሜዳው ዳር ከቆሙ ሁሉም ፊት ለፊት ነው። የሞንዛ መወዳደሪያ መንገድ ግን አንድ ዙሩ 5.793 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአንድ ቦታ የሚታየው ቁራጩ ብቻ።

ልቤ ያለው ከዋናው ቀጥታ መንገድ ማብቂያ፣ የመጀመሪያው ጠባብ ኩርባ ጋ ነው። በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረሩ መጥተው ፍሬን የሚይዙትና የሚቀዳደሙት እዚያ ነዋ! ፓራቦሊካ የሚባለው የመጨረሻው ሰፊ ኩርባም ያጓጓኛል፤ ግን መቀዳደም ይታይበታል? ወንበር የሌለው ርካሽ ትኬትም አለ፤ እህቴ ግን ጉልበቷን ስለሚያማት ቆማ አትውልም።

የሄዳችሁ ካላችሁ እባካችሁ፣ የቱን ልያዝ? ትልቁ ስክሪንስ ከየትኛው ይታያል?