20 እሴቶች ጽፌ አንዱንም መሰረዝ አቃተኝ

የሽምብጥ_ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሰሞኑን መሥሪያ ቤታችን ሥልጠና አዘጋጅቶልን ነበር። አሠልጣኙ ወረቀት አደለንና «በሕይወታችሁ ትልቅ ቦታ የምትሰጧቸውን እሴቶች ጻፉ፣ ከዚያ በቅደም ተከተል አስቀምጡ» አለን። መጻፉ እዳው ገብስ ነበር። ቤተሰብ፣ እምነት፣ ነጻነት፣ ጤና፣ ዕውቀት፣ ገንዘብ፣ መከበር፣ ጓደኝነት፣ ሐቀኝነት እያልኩ 20 ደረስኩ። ቅደም ተከተሉ ላይ ግን ቀጥ አልኩ። እምነትን ከቤተሰብ በታች ብጽፍ እግዜር ይታዘበኛል። ቤተሰብን ከእምነት በታች ብጽፍ ደግሞ እማዬ የምትቀየመኝ መሰለኝ፣ ወረቀቱን እንደማታየው እያወቅኩ። እንዲህ ስል የሻይ ሰዓት ደረሰና ተበተንን።

ለጨዋታ ቢሆን እተወው ነበር። ግን አዲስ አበባ ከአሁኑ በጣም የተሻለ ደመወዝ ያለው ሥራ አግኝቼ መልሴን እየጠበቁ ነው። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ባህር ዳር ነው ተወልጄ ያደግኩት። እማዬ ስኳርም ደም ግፊትም አለባት፣ ታናሽ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ፣ ፖሊ ግቢ ተማሪ ነው፣ ቤቱን ቀጥ አድርጌ የያዝኩት እኔ ነኝ። እዚህ ያለው ሥራዬ ደግሞ ከሰለቸኝ ቆየ። አለቃዬ ደረሰኝ ላይ ቀን እንድቀይርለት ጠይቆኝ እምቢ ካልኩት ወዲህ ዕድገት የሚባል ነገር በደጄም አላለፈ።

እና እናንተ እንዴት ነው የምትለዩት? አንዱን ሳስቀድም ከሁለት ያጣ ጎመን እንዳልሆን ነው ፍራቻዬ። ደግሞ «ልብሽን ስሚ» የሚል ሰው እንዳይመጣብኝ። ልቤ ራሱ ጠዋት ሌላ ማታ ሌላ ነው።

ቆሮሶ_በሎሚ፦

ልብሽን ስሚ። (ቀልዴን ነው፣ አትቆጪ።)

እህቴ፣ ወረቀቱን ለጊዜው አስቀምጪው። ስልክሽን አውጪና የቴሌብርና የባንክ ወጪሽን ወደ ኋላ ሄደሽ እዪው። ብሩ የት ሄደ? ቅዳሜና እሁዱስ የት ሄደ? ሰው በአፉ የሚለውና በኪሱ የሚለው አይገጥምም። እኔ «ጤና ከሁሉ ይቀድማል» ባይ ነኝ፣ ዝርዝሩን ሳየው ግን ጥብስና ድራፍት ብቻ ነው። ስፖርት ቤት የከፈልኩት አንድ ጊዜ ነው፣ እሱንም ጓደኛዬ ብድሩን እንድመልስለት በእሱ ስም የከፈልኩለት ነው።

ሌላው ደግሞ ያላየሽው ነገር አለ። ሐቀኝነትን መጨረሻ ላይ፣ ከጓደኝነት ቀጥሎ ነው የጠራሽው። ግን ከሃያው ውስጥ እስካሁን ዋጋ እንደከፈልሽበት የነገርሽን እሱን ብቻ ነው። ደረሰኙ ላይ እምቢ አልሽ፣ ዕድገቱ ቀረ። ያኔ ማንም ቅደም ተከተል አልጠየቀሽም፣ ወረቀትም አልነበረም። እኔ ብሆን ሳላቅማማ ከላይ አደርገው ነበር።

ዓባይ_ማዶ፦

ቆሮሶ፣ የሐቀኝነቷ ነገር ገብቶኛል፣ እስማማለሁ። የቴሌብሩ ግን አልዋጥልኝ አለ። የእኔ የወጪ ዝርዝር የቤት ኪራይ፣ ጤፍ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ አለቀ። ኪራይ እሴቴ ነው ልበል? ገንዘብ ያለው ሰው ሲያወጣ ምርጫውን ታያለህ፣ የሌለው ሰው ሲያወጣ ግዴታውን ብቻ ነው የምታየው። እሷም ለእናቷ መድኃኒት ስትከፍል ወዳ ይሁን ሌላ ሰው ስለሌለ ይሁን ከስልኩ ላይ አይነበብም።

እኔ የምለየው በቅናት ነው። ያሳፍራል ግን ይሠራል። የሠፈር ልጅ መኪና ገዛ ሲሉኝ እሰይ ብዬ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። አብሮኝ የተማረው ልጅ ትምህርቱን ቀጠለ ሲሉኝ ግን ያን ሌሊት ስገላበጥ ነው ያነጋሁት። ስለዚህ ገንዘብና ዕውቀት ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ቢሆኑም እኔ ዘንድ እኩል አይደሉም። አንቺስ በማን ነው የምትቀኚው? አዲስ አበባ በሄዱት ነው ወይስ እዚሁ ሆነው የራሳቸውን ሥራ በከፈቱት? ለእኛ አትንገሪን፣ ለራስሽ ግን መልሺው።

ሁለተኛው ነገር ይሉኝታ ነው። ብዙ ሰው «ቤተሰብ» ብሎ የሚጽፈው ግማሹ ፍቅር ነው፣ ግማሹ «እናቷን ጥላ ሄደች» መባልን መፍራት ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ተገምደው ስለሚኖሩ ለመለየት ያስቸግራል። እንዲህ ብለሽ ሞክሪው፦ ዘመድም ጎረቤትም የዕድር ሰውም ምንም የማያውቅ ቢሆን፣ ማንም የማያመሰግንሽ ማንም የማያማሽ ቢሆን፣ የትኛውን ታደርጊ ነበር? ያኔም እናቴ ጋ እቀራለሁ ካልሽ እሰየው፣ የራስሽ ነው።

ፔዳ_07፦

እኔ ሳይኮሎጂ ነው የተማርኩት፣ ትንሽ ላስረዝም ነው፣ ይቅርታ።

አንደኛ፣ ሁሉንም እኩል ማድረግሽ ችግር ያለብሽ እንዳይመስልሽ። ሁሉም ሰው እንዲያ ነው። ለእያንዳንዱ እሴት ከ10 ነጥብ ስጥ ብትይው ለሃያውም 9 እና 10 ይሰጥልሻል። ሚልተን ሮኪች የሚባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናቱ ነጥብ አላሰጠም፣ ሰዎቹን በደረጃ እንዲያስቀምጡ ነው ያስገደዳቸው። አንዱ ሲወጣ ሌላው የግድ ይወርዳል። ደግሞ 36ቱን በአንድ ላይ አላደባለቃቸውም። 18ቱን የሕይወት መድረሻዎች አደረጋቸው፣ ሌሎቹን 18 ደግሞ የአኗኗር መንገዶች። የአንቺ ወረቀት ላይ ሁለቱ ተደባልቀዋል። ገንዘብ ለምን? እማዬን ለማሳከም። መከበር ለምን? ሰው እንዳይንቀኝ፣ በራሴ እንድወስን። እንዲህ «ለምን» እያልሽ ስትሄጂ ሌላ ነገር የሚያገለግሉት ይወድቃሉ፣ «ለምን ማለት ምን ማለት ነው፣ በቃ!» የምትይባቸው ይቀራሉ። ብዙ ጊዜ አምስት ስድስት ናቸው።

ይሄን ከማሳነስ በፊት ማወዳደር አትጀምሪ። 20ውን ሁለት ሁለት እያደረግሽ ብታጋጥሚ 190 ጥያቄ ነው፣ ታብጃለሽ። 6 ከሆኑ 15 ብቻ ነው፣ በአንድ ቡና ያልቃል።

ሁለተኛ፣ ሻሎም ሽዋርትዝ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በብዙ አገር የሰበሰበውን መረጃ ይዞ እሴቶችን በ10 መደብ ከፍሎ በክብ ላይ ደረደራቸው። ጎን ለጎን ያሉት ይስማማሉ፣ ፊት ለፊት ያሉት ይጋጫሉ። ለምሳሌ በራስ መወሰንና አዲስ ነገር መፈለግ በአንድ ወገን፣ ደኅንነትና ልማድን መጠበቅ በሌላው። የግል ስኬት በአንድ ወገን፣ ለቅርብ ሰው መልካም ማድረግ በሌላው። ያንቺን ጭንቀት አሁን እዪው፣ ልክ የክቡ ተቃራኒ ጎኖች ላይ ቆመሽ ነው። ሁለቱንም እንዳትወጂ ማንም አልከለከለሽም፣ ግን በአንድ ቀን፣ በአንድ ውሳኔ ላይ ሁለቱ እኩል ሊቀድሙ አይችሉም።

የሱ መጠይቅ ላይ የምወደው ነገር አለ። ነጥብ ከመስጠትሽ በፊት ዝርዝሩን በሙሉ አንብበሽ ከሁሉ የሚበልጥብሽን 7 ስጪ ይልሻል፣ 7 የሚሰጣቸው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አይበልጡም ብሎ ያስጠነቅቃል። ቀጥሎ ደግሞ የሚቃረንሽን ፈልጊና ከዜሮ በታች፣ -1 ስጪ ይላል። ከታች መጀመር ይቀላል። ከሃያው ውስጥ አሁን ብትሰርዢው የማይቆጭሽ የቱ ነው?

ቆሮሶ_በሎሚ፦

ፔዳ፣ በአንድ ቡና ያልቃል ያልከው ቡናው ሦስቱም ይቆጠራል? አቦል ላይ ስምንት፣ ቶና ላይ አምስት፣ በረካ ላይ ሁለት ካልሆነ እኔ አልችልም።

የዘጌ_ቡና፦

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ክብና ነጥቡን ለልጆቹ ልተውላቸውና የአገራችንን አንድ ነገር ልንገርሽ። ዘጌ ሄደሽ ታውቂ ይሆናል፣ ከባህር ዳር በጀልባ ሩቅ አይደለም። ዙሪያው ታርሶ ሳለ እዚያ ደኑ ያልጠፋው ለምን ይመስልሻል? ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ፣ ከብትም ማርባት ክልክል ነው የሚል የቆየ ሥርዓት ስላለ ነው። እዚያ ገዳም ከመሠረቱት ከአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን የመጣ ነው ይባላል። ሰዉ በቡና፣ በጌሾ፣ በሎሚ ነው የኖረው፣ እህሉን ከውጭ ገዝቶ። ጤፍ ሲወደድ ዘጌ ያለው ሰው የራሱ መሬት ላይ ቆሞ ጤፍ ይገዛል ማለት ነው። መሬት እያለው! ይሄ ቀላል መሰለሽ? ግን ደኑ አለ፣ ቡናው አለ፣ ገዳማቱ በጥላው ሥር አሉ።

«ደን እንወዳለን» ያለ አገር ብዙ ነው። ዘጌዎች ግን ምን እንደማያደርጉ አስቀድመው ቆርጠዋል። አንቺም «ምን እወዳለሁ» ያልሽውን ትተሽ «ምን ቢሰጡኝ ምን አላደርግም» ብለሽ ጻፊ። ሦስት መስመር አይሞላም። ደረሰኙ አንዱ ነው፣ እሱን ጽፈሽዋል። ሌላውን አንቺ ታውቂያለሽ።

የእናትሽን ነገር ደግሞ እናትሽን ጠይቂ እንጂ እኛን አትጠይቂ። እናት ስለሆንኩ ነው የምልሽ።

የሽምብጥ_ልጅ፦

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ ልልዎት ነበር ለጥቂት። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

የፔዳን «ለምን» ሞከርኩት። መከበርና ገንዘብ ወደቁ፣ ጉዞም ወደቀ (እሱን ለምን እንደጻፍኩት ራሴም አላውቅም፣ ጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ጽፋ ነው)። እምነትና ቤተሰብን ማወዳደር አሁንም እምቢ ብሎኛል፣ ግን ለዚህ ውሳኔ የሚጋጩት እነሱ እንዳልሆኑ ገባኝ። የትም ብሄድ ቤተ ክርስቲያን አለ። የሚጋጩት እማዬ አጠገብ መሆንና በሙያዬ ማደግ ናቸው። ሃያውን በሙሉ ስደረድር የዋልኩት በከንቱ ነው ማለት ነው።

ከዚያ እማዬን ጠየቅኳት። ሽሮ እያማሰለች ነበር፣ ማማሰያውን ሳታስቀምጥ «እኔን ምክንያት አታድርጊኝ» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ፣ «ከሄድሽም ወንድምሽ መርፌውን ይማር፣ ወንድ ነው ተብሎ እስከ መቼ ይቀመጣል» አለች። እኔ እስካሁን ኢንሱሊኗን የመውጋቱ ነገር የእኔ ብቻ አድርጌው እንደኖርኩ፣ እሱን ጠይቄው እንኳን እንደማላውቅ ያኔ ነው የታየኝ። ትናንት ማታ እያየሁት ወጋት። እጁ ተንቀጠቀጠ እንጂ ደህና ነው።

«ምን ቢሰጡኝ አላደርግም» የሚለው ላይ ሁለት ጻፍኩ። አንደኛው ሐሰተኛ ደረሰኝ ነው። ሁለተኛው፣ እማዬ ሆስፒታል ስትገባ ፈቃድ የሚከለክለኝ ቦታ አልሠራም። መሄድ አለመሄዱ ገና አልለየለትም፣ እስከ ዓርብ ጊዜ አለኝ።

ዓባይ_ማዶ፦

ሁለተኛው መስመርሽ የሚደራደሩበት ነው። ከመፈረምሽ በፊት በጽሑፍ ጠይቂያቸው፣ የቤተሰብ ሕመም ሲኖር ስንት ቀን ይሰጣሉ፣ ለተወሰነ ጊዜ ከዚህ ሆኖ መሥራት ይቻላል ወይ። መንገዱ እንደምታውቂው ነው፣ ስለዚህ የአውሮፕላን ትኬቱንም ከደመወዙ ቀንሰሽ አስቢው። ያኔ «በጣም የተሻለ» ያልሽው ምን ያህል የተሻለ እንደሆነ ይታያል።

ቆሮሶ_በሎሚ፦

የመጀመሪያውን መስመር ደግሞ እኔ ልጨምርበት። ከአንቺ በፊት በዚያ ወንበር የነበረው የሂሳብ ሰው ለምን እንደለቀቀ ጠይቂ። ከተቻለ ስልኩን ፈልገሽ ራሱን አናግሪው። ደረሰኝ ላይ ቀን የሚቀይር አለቃ ባህር ዳር ብቻ ነው ያለው ያለሽ ማን ነው?