ፕራዶ፦ ናፍጣ ልግዛ ወይስ ቤንዚን?

የበቆጂ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ውስጥ ጦርነት ተነስቷል፣ ፍረዱን።

ያገለገለ ፕራዶ ልንገዛ ነው። ሁለት አይተናል። አንደኛው የ2012 ሞዴል፣ ባለ 3.0 ናፍጣ፣ 186 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ። ቢያንስ ቆጣሪው የሚለው እንደዚያ ነው። ሁለተኛው የ2011፣ ባለ 4.0 ቪ6 ቤንዚን፣ ከዱባይ የገባ። የቆዳ ወንበር አለው፣ ጣሪያው ይከፈታል፣ ውስጡ ሳሎን ነው። ዋጋቸው ብዙ አይራራቅም፤ ናፍጣው ትንሽ ይወደዳል።

ባለቤቴ ቤንዚን ይላል። «ናፍጣ ሲነሳ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል» ነው ምክንያቱ። ወንድሜ ደግሞ ናፍጣ ያልሆነ ፕራዶ ፕራዶ አይደለም ባይ ነው። ቤንዚኑን ስሙን እንኳ አይጠራውም፣ «ያ ጠጪ» ነው የሚለው።

የምነዳው ግን እኔ ነኝ። አያት እኖራለሁ፣ ፋርማሲዬ መገናኛ ነው። ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ ሥራ እገባለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። በወር አንዴ እናቴን ለማየት በቆጂ እወጣለሁ። እስከ አዳማ በፈጣን መንገዱ፣ ከዚያ በኢተያ በአሰላ ሽቅብ ነው። አሁን የምነዳት ቪትዝ ናት። እናቴ ድንችና ገብስ ሳትጭንብኝ ስለማትለቀኝ ምስኪኗ ሁልጊዜ እያቃሰተች ነው የምንመለሰው።

የቱን ልግዛ?

ሲኤምሲ

ናፍጣ። ምን ጥያቄ አለው? በሊትር 9 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። መሸጥ ብትፈልጊ ደግሞ ደላላው ስልክሽን አያሳርፈውም። ቤንዚኑን ከገዛሽው ማደያ በር ላይ ቤት መከራየት አለብሽ።

ሶኬት ብቻ

ሁለቱንም ተዪና ኤሌክትሪክ ግዢ። መንግሥት በ2016 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ አሮጌው ሁሉ ዋጋው አልቀመስ ብሏል። በዚያ ብር አዲስ ኤሌክትሪክ ትገዢያለሽ። እኔ የነዳጅ ሰልፍ ምን እንደሚመስል ረስቻለሁ።

የበቆጂ ልጅ

@ሶኬት ብቻ፣ ለከተማው እውነትህን ነው። ግን እናቴ ሰፈር መብራት ሄዶ በሦስተኛው ቀን ሲመጣ ነው የማውቀው። እዚያ ቻርጅ አደርጋለሁ ብዬ ሁለት ቀን ብቀር ፋርማሲዬን ማን ይከፍትልኛል?

ጋሽ ካንዴላ

እህቴ፣ እኔ ጋራዥ ውስጥ ነው ያረጀሁት። መጀመሪያ ከወንድምሽ ልጀምር፤ ግማሹ እውነት ነው።

ናፍጣ በሊትር የበለጠ ጉልበት አለው። ሞተሩም አየሩን በጣም አፍኖ ስለሚያቃጥል ከዚያው ሊትር የበለጠ ሥራ ያወጣል። ቁጠባው የሚመጣው ያነሰ ሊትር ስለሚጠጣ ነው።

ሌላው የከፍታ ነገር ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲተያይ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። በቆጂ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ይብሳል። ተርቦ ያለው ናፍጣ አየሩን እየገፋ ስለሚያስገባ ብዙም አይጎዳም። ተርቦ የሌለው ቤንዚን ግን ጉልበቱን ያጣል። ያየሽው 2.7 ቤንዚን ቢሆን ኖሮ ተይው ብዬሽ አበቃ ነበር። 4.0 ግን ዱባይ ላይ 270 ገደማ የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነው። ሩቡን ተራራው ቢወስድበት እንኳ የቀረው ከናፍጣው አያንስም። ስለዚህ «ቤንዚን አይወጣም» ካለሽ እሱን አትስሚው።

አሁን ናፍጣው። ያ 3.0 ሞተር ጎበዝ ነው፣ ግን አመል አለው። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ሥር ቀጫጭን የመዳብ ቀለበቶች አሉ። እነሱ ሲያረጁ የተቃጠለው ጋዝ ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ቅጥራን ይሆንና ከታች ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍናል። ከዚያ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይነክሳል፣ ተጣብቆ ይቆማል ማለት ነው። ኢንጀክተሩ ራሱም ንጹሕ ናፍጣ ይፈልጋል። ከሺህ ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው የሚረጨው፣ ትንሽ ውኃ ወይም ቆሻሻ ይበላዋል። ሰልፍ ሰለቸኝ ብለሽ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የቀዳሽ ቀን አለቀልሽ። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ስንቱን ፓምፕ እንደጨረሰ እኔ ነኝ የማውቀው።

የታይሚንግ ቺንጋም አለው፣ ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር አስተካክሎ የሚያስኬድ ቀበቶ ነው። በ150 ሺህ መቀየር አለበት። ያንቺ 186 ሄዷል፣ ተቀይሯል? ደረሰኝ ጠይቂ። ዳሽቦርዱ ላይ የቺንጋ መብራት አይበራም ቢሉሽ አትመኚ፣ መብራቱን ማጥፋት ቀላል ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ይጋጫሉ፣ ቴስታታ፣ የሞተሩን ራስ ማለት ነው፣ ማውረድ ነው። ቤንዚኑ በቀበቶ ፈንታ ባለ ካቴና፣ ባለ ብረት ሰንሰለት ነው፣ ይህ ጣጣ የለበትም።

ወደ አንቺ ኑሮ ልምጣ። በቀን አሥራ ምናምን ኪሎ ሜትር፣ በወር አንዴ በቆጂ። ደማምሬ በወር 900 ገደማ አገኘሁ። ናፍጣው 100 ሊትር አካባቢ ይበላል፣ ቤንዚኑ 145። ልዩነቱ 45 ሊትር ነው። አንድ ጊዜ አራቱን ኢንጀክተር ከቀየርሽ፣ ኦሪጅናሉን ማለቴ ነው፣ የሁለት ዓመት ቁጠባሽ እዚያው ይገባል። በወር 3,000 የምትነጂ ብትሆኚ ሌላ ነገር እልሽ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ እይ። ናፍጣው ለአውሮፓ የተሠራ ከሆነ የጭስ ማውጫው ውስጥ ጥላሸት የሚያጠራቅም ፊልትሮ አለው። እሱ ራሱን የሚያጸዳው ረጅም መንገድ በደንብ ሲነዳ ነው። ከአያት መገናኛ እየቆመ እየሄደ ከሆነ ይደፈናል። ለእኛ ዓይነት አገር የተሠራው ብዙ ጊዜ ይህ ነገር የለውም። ስለዚህ ከየት እንደገባ ሊብሬውን ብቻ አይተሽ አትለፊ፣ ሥሩ ገብተሽ አሳይ።

የመጨረሻው ፈተና በነጻ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሂጂና ሞተሩ ሳይነሳ ድረሺ። ኮፈኑን አስከፍተሽ እጅሽን ሞተሩ ላይ አድርጊ። ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ከዚያ ይነሳ። ነጭ ጭስ እየተንጎለጎለ ኳ ኳ ካለ ኢንጀክተር ነው። ጥቁር ከሆነ ሌላ ታሪክ አለው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየጠጣ ነው፣ ወደ ቤትሽ ተመለሺ።

ዱባይ ደርሶ መልስ

እኔ 4.0ውን አራት ዓመት ነድቻለሁ። ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ ግን የከተማ ፍጆታውን አለዝበውታል። ከሰዓት መገናኛ አደባባይ ላይ በሊትር 5 ተኩል ኪሎ ሜትር አይቻለሁ። ማየት አቁሜያለሁ አሁን። መንገድ ሲወጣ ግን ጨዋ ነው።

የዱባይ መኪና አካሉ ዝገት የለበትም። ፀሐዩ ግን ጎማውን፣ የራዲያተር ቱቦውን፣ ዳሽቦርዱን ያደርቀዋል። ጎማው ጎን ላይ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት አለ፣ አንብቢው።

ደግሞ ማደያ ስትገቢ አፍሽን ክፈቺ። ቀጂዎቹ ፕራዶ ሲያዩ እጃቸው በልማድ ወደ ናፍጣ ነው የሚሄደው። አንዴ 10 ሊትር ናፍጣ ተቀድቶብኝ ታንከሩን አስወርጄ አጥቤያለሁ። ግን ከተገላቢጦሹ ይሻላል አሉ።

ጋሽ ካንዴላ

በጣም ይሻላል። ቤንዚን ናፍጣ መኪና ውስጥ ከገባና ሞተሩ ከተነሳ ፓምፑ ያልቃል፤ ፓምፑን የሚያለሰልሰው ናፍጣው ራሱ ነው። የተሳሳተ የተቀዳበት ሰው ቁልፉን አይንካ፣ አስጎትቶ ይምጣ። የ5.5ቱን ነገር ግን ተቀብያለሁ።

የበቆጂ ልጅ

ተመልሻለሁ፣ ሁለት ሳምንት ሆነኝ።

ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግኩ። ለናፍጣው ሻጭ 2 ሰዓት እመጣለሁ ብዬ ቀጥሬ 12 ተኩል ላይ ደረስኩ። ኮፈኑን አስከፍቼ እጄን ሳደርግ ሞተሩ ትኩስ ነው! ሰውየው «አሁን ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ነው» አለኝ። ዘበኛው ግን ከጎኔ ሆኖ፣ አዛኝ ሰው፣ «ኧረ ከሌሊት ጀምሮ እያሞቁት ነው» አለ። ሻጩ እንዴት እንዳየው ብታዩ! እንግዲያውስ ማታ ጥለውት ይደሩና ነገ ልምጣ አልኩ። ሌላ ገዢ አለ ተባልኩ። የቺንጋውንም ደረሰኝ አላገኘሁም።

ቤንዚኑ ቀዝቃዛ ነበር። ተነሳ፣ ጭስ የለም፣ ድምፁም የለም። የራዲያተሩ ቱቦ ተሰነጣጥቋል። ጎማዎቹ የ2016 ናቸው፣ እንደኛ አቆጣጠር ሳይሆን እንደ ፈረንጅ። የአራት ጎማ ዋጋ አስቀንሼ ገዛሁት።

ቅዳሜ በቆጂ ወጣሁበት። አዲስ አበባ ሞልቼ ሄጄ ስመለስ 62 ሊትር ቀዳሁ። ወንድሜ አብሮኝ ነበር። ከአሰላ በኋላ ያለው ዳገት ላይ ድንገት ዝም አለ። ሲወርድ «ጠጪ ነው፣ ግን ጨዋ ጠጪ ነው» ብሎ ድንቹን አወረደልኝ።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የቀድሞው ባለቤት ቤንዚኑን የሚለኩሱትን ካንዴላዎች መቼ እንደቀየረ አያውቅም። ስድስቱንም ልቀይር?

ጋሽ ካንዴላ

ስድስቱንም። የአየር ፊልትሮውንም አብረሽ አሳይ፣ የዱባይ አሸዋ ሳይኖርበት አይቀርም። ቱቦውን ግን ከሁሉም አስቀድመሽ ቀይሪ፣ ካንዴላው ሳምንት ይጠብቃል።