የማንጆና የሸክላ ሠሪ ልጆችን ወደ አእምሮ ጤና ጥናት እንዴት ላምጣቸው? (ጅማ)

ጠያቂ፦ የባዮሎጂ መምህር፣ ጅማ

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ የሳይንስ ክበቡንም የምይዘው እኔ ነኝ። ክበቡን የሞሉት የነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች ናቸው። ቤተሰቦቻቸው ከካፋ የመጡ የማንጆ ልጆችና ከየም የመጡ የሸክላ ሠሪ ልጆች ክፍል ውስጥ አሉኝ፤ ሁለቱም በየአካባቢያቸው ሲገለሉ የኖሩ ማኅበረሰቦች ናቸው፤ ወደ ክበቡ ግን ዝር አይሉም።

ከእነሱ አንዷ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ስለ ነርቭ ሥርዓትና ስለ አደንዛዥ ነገሮች አስተምሬ ስወጣ ተከትላኝ መጣች። «መምህር፣ አጎቴ ጫት ይቅማል፤ ሌሊት ሌሊት ሰዎች እየተከተሉኝ ነው ይላል። ጫቱ ነው ያመጣበት ወይስ ቀድሞም ነበረበት?» አለችኝ። ተመራማሪዎች ዓመታት የሚደክሙበትን ጥያቄ ይህች ልጅ ኮሪደር ላይ ቆማ ጠየቀችኝ። «ይህን እኮ አጥንተሽ መልስ ልታገኚለት ትችያለሽ» ስላት፣ «እንደኛ ያለውን ማን ያስጠናዋል?» ብላ ሄደች።

ባልደረቦቼ መጀመሪያ 12ኛን ትለፍ ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። ግን ልጅ የምትማርበትን ምክንያት ካላየች ለፈተናውስ በምን ጉልበት ታጠናለች? ከልምዳችሁ አካፍሉኝ።

መልስ፦ የ4ኛ ዓመት ሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ተማሪ

መምህር፣ እኔ ሳይኮሎጂ የሚባል ትምህርት መኖሩን ያወቅኩት ፍሬሽማን ገብቼ ኮርሱን ስወስድ ነው። ለብዙ ልጅ ያኔ ረፍዷል። ስለዚህ ከአሁኑ ሁለቱንም መንገድ ይንገሯት። በተፈጥሮ ሳይንስ በኩል የሳይካትሪ ነርሲንግ፣ የሕብረተሰብ ጤና ወይም ሕክምና አለ፤ በማኅበራዊ ሳይንስ በኩል ደግሞ ሳይኮሎጂ፣ ሶሻል ወርክ፣ ሶሲዮሎጂ። ከሁሉም ወደ ጥናት መግባት ይቻላል።

ሌላው፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት የሚከተል ስለሆነ እኛ ተማሪዎቹ ወደ ቀበሌ ወጥተን ቤት ለቤት መረጃ እንሰበስባለን። አንድ ቀን ክበብዎ መጥተን እንዴት እንደምንሠራ ብናሳያቸው ደስ ይለናል።

መልስ፦ የየም ልጅ

መምህር፣ ይህን ስለጠየቁ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ከየም የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። ዛሬ የሳይካትሪ ነርስ ነኝ፤ ጥናት ሲኖር ደግሞ በመረጃ ሰብሳቢዎች ላይ ሱፐርቫይዘር ሆኜ እወጣለሁ።

በስድብ የሚጠሩንን ስም እዚህ አልጽፈውም። እናቴ በሠራችው ጀበና ሰፈሩ ሁሉ ቡና ያፈላ ነበር። እሷ ግን ከደጅ አታልፍም፤ ስኒዋም ለብቻ ነበር የሚቀመጠው። ይህን የማነሳው ልጆቹ ክበብ የማይመጡት ለምን እንደሆነ እንዲታይዎት ነው። «ሁሉም ተማሪ ይምጣ» የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ ስለ እኛ ነው ብለን አናነበውም። እያንዳንዳቸውን በስማቸው ይጥሯቸው፤ ግን ለብቻ፣ ክፍል ፊት አይሁን። «የእንትን ልጆች ተነሱ» የተባለ ልጅ በነጋታው ከትምህርት ቤትም ይቀራል። ክበቡም ለእነሱ ብቻ አይሁን፣ ከሌሎቹ ጋር እኩል ይሥሩ።

እነዚህ ልጆች ለጥናቱ ለምን እንደሚያስፈልጉ ደግሞ ልንገርዎት። አንድ ሸክላ ሠሪ እናት ቤት ገባን። ቅጹ ስለ ድባቴ ዘጠኝ ጥያቄ አለው፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ደስታ ማጣት ነበረብዎት ወይ፣ እንቅልፍስ እያለ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ነው የሚሰጠው። መረጃ ሰብሳቢዋ ትሑት ልጅ ናት፣ በደንብ ነው የጠየቀችው። ሴትዮዋ ለዘጠኙም «የለም» አሉ። ድምሩ ዜሮ፤ በቅጹ ከሄድን ፍጹም ጤነኛ ናቸው። ታብሌቱ ተዘግቶ ልጅቷ ስትወጣ እኔ ጭቃው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ለካ ሌሊቱን ሙሉ ዓይናቸው ሳይከደን ነው የሚነጋው። ያወሩኝን ዝርዝር አልጽፍም፤ ሕክምና እንዲያገኙ ግን አብሬያቸው ሄጃለሁ። ከማኅበረሰቡ የወጣ ሰው ጥናቱ ውስጥ ከሌለ እንዲህ ያለው ቤት ሁሉ ዜሮ ሆኖ ይመዘገባል።

ስለ ልጅቷ ጥያቄ፦ ጥናት ከመሆኑ በፊት የቤተሰቧ ጭንቀት ነው። አጎቷን ጅማ ሕክምና ማዕከል ሳይካትሪ ክፍል እንዲያመጧቸው እባክዎ ይንገሯት፤ ሕመሙ ይታከማል። ለጥያቄዋ ግን አጭር መልስ የለውም። ጫት የቃመ ሁሉ አይታመምም፤ አብዝቶ መቃም ግን ከእንዲህ ያለ ሕመም ጋር ተያይዞ ይገኛል። በሌላ በኩል ሕመሙ የጀመረው ሰው ራሱን ለማስታገስ ብሎ ሊቅም ይችላል። የትኛው እንደቀደመ ለመለየት ሰዎችን ለረጅም ጊዜ መከታተል ይጠይቃል። የጅማ ዩኒቨርሲቲና የጀርመኑ ኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እዚሁ ጅማ ስለ ጫትና ስለ አእምሮ ሕመም አብረው ሠርተዋል። ይህን ንገሯት፣ ጥያቄዋ የትልልቅ ሰዎች ጥያቄ መሆኑን ትወቅ።

ለክበቡ የመጀመሪያ ሥራ የሰው ሕመም አይጠይቁ። ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ በጥናት ለመጠየቅ የወላጅም የልጁም ፈቃድ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታም ያስፈልጋል። ራስን ስለማጥፋት የሚጠይቅ ቅጽ ደግሞ ተማሪ እጅ መግባት የለበትም። ይልቅ ይቁጠሩ። ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ባጃጅ መያዣው ስንት ጫት መሸጫ አለ? አዲሱ ጫት ስንት ሰዓት ይደርሳል? ካቲኖን የሚባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲደርቅ ስለሚቀንስ ነው ሰው ትኩሱን የሚሻማው፤ ይህንንም በባዮሎጂ ያስተምሯቸው። ሁለት ሁለት ሆነው ከመንገዱ ማዶ ይቁጠሩ፣ የማንም ስም አይጻፍ። ሁለቱ ሳይነጋገሩ ይመዝግቡና ወረቀታቸውን ያስተያዩ። አንዷ 9፣ አንዱ 12 ካለ ለምን ተለያየ? በኮባ ጠቅልሎ መሬት ላይ የሚሸጠው «መሸጫ» ይባላል ወይስ አይባልም? እዚያ ላይ የሚነሳው ክርክር ነው ምርምር የሚባለው።

ደግሞ ክበብዎ በገበያ ቀን ከሆነ ቀኑን ይቀይሩ፣ እነሱ ሸክላ ተሸክመው ገበያ ናቸው። የባጃጅና የምሳ ብር ካልተገኘም ሁለቴ መጥተው ይቀራሉ።

መልስ፦ ከሜሪላንድ

በብሩ ነገር እስማማለሁ። እዚህ አሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበሩ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአናሳ ማኅበረሰብ ለወጡ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል። ስቴፕ አፕ በሚባለው የመንግሥት ፕሮግራም ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ልጆች ትምህርት ሲዘጋ ከተመራማሪ ጋር የጤና ምርምር ሲሠሩ ይከፈላቸው ነበር። ከድሃ ቤት የመጣ ልጅ ያለ ክፍያ ሊሠራ እንደማይችል ስለታወቀ ነው። የአንድ ዓመት የባጃጅ ወጪ ለአምስት ልጆች እኔ እሸፍናለሁ፣ በትምህርት ቤቱ በኩል ይሁን።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እህቴ፣ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ክበቡ ቅዳሜ ነበር፤ ወደ ረቡዕ ከሰዓት አዛውረዋለሁ። ስለ አጎቷ ነገ ራሷን ለብቻ አነጋግራታለሁ። ስለ ቆጠራው ርዕሰ መምህሩን ማስፈቀድ አለብኝ፣ የወላጆችንም ፊርማ እንዲሁ። አንድ የቀረኝ ነገር፦ አማርኛም ኦሮምኛም የማያነቡ ወላጆች አሉ፤ የፈቃዱን ወረቀት በአፍ ላስረዳቸውና አሻራ ላስደርግ? እናንተ በጥናት ላይ ምስክር ታቆማላችሁ?

የየም ልጅ፦

አዎ መምህር፣ ምስክር ይቆማል። ማንበብ የሚችልና ከጥናቱ ውጭ የሆነ ሰው መሆን አለበት፤ ወላጆቹ የሚያምኑት ጎረቤት ቢሆን ይመረጣል። የየሞቹን ቤት አብሬዎት መሄድ እችላለሁ፣ ለካፋዎቹ ደግሞ ቋንቋቸውን የሚችል ባልደረባ አለኝ፣ እጠይቀዋለሁ።